ሺውሊ፦ ሌሊት አብቦ ጠዋት የሚረግፈው የወይራ ዘመድ

ወይራ ሲባል ማናችንም አበባው ትዝ አይለንም። ትዝ የሚለን ጢሱ ነው፤ የታጠነ የጠላ ጋን፣ የወተት ዕቃ፣ ለመጥረቢያ በቀላሉ እጅ የማይሰጥ እንጨቱ። አበባ እንዳለው እንኳ አስተውሎ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። አይፈረድበትም። የወይራ አበባ ጥቃቅን፣ ነጣ ያለና ዐይን የማይስብ ነው።

ሕንድና ባንግላዴሽ ውስጥ ግን የዚሁ የወይራ ቤተሰብ አባል የሆነ አንድ ትንሽ ዛፍ አለ። የእሱ ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው የሚያውቀው በአበባው ብቻ ነው። ቤንጋልኛ ተናጋሪዎች ሺውሊ ይሉታል። በሂንዲ ፓሪጃት ወይም ሃርሲንጋር ይባላል። ሲመሽ ያብባል። ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ያውደዋል። ጎህ ሲቀድ አበባው ይረግፍና ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ነጭ ይለብሳል።

የሳይንስ ስሙ ኒክታንተስ አርቦር-ትሪስቲስ ነው። ይህ ዛፍ የዕፅዋት ተመራማሪዎችን ለረጅም ዘመን ሲያወዛግብ ኖሯል። አንድ ጊዜ የጃስሚን ወገን ነው ተባለ። ሌላ ጊዜ ከነየወፍ ቆሎ ጋር ተመደበ። ለብቻው ቤተሰብ የተሰጠበት ጊዜም ነበር። በመጨረሻ ወደ ወይራ ቤት ተመለሰ። ለምን እንዲህ ተንከራተተ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያው አካሉ ላይ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሺውሊን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አበባውን ለጊዜው ይተወውና ቅጠሉን ይዳስስ፣ ቀንበጡን ይቁረጥ፣ ፍሬውን ይክፈት። አበባው ውብ ነው፤ ስለ ማንነቱ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ቀንበጡና ቅጠሉ

ሺውሊ ትልቅ ዛፍ አይደለም። ቁመቱ ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ይቀራል፤ ከሥሩ በርካታ ግንድ አውጥቶ እንደ ቁጥቋጦ የሚያድግበትም ጊዜ አለ። ቅርፊቱ ግራጫ ሲሆን እየተቀረፈ ይወድቃል። በዱር የሚገኘው ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ጀምሮ በሕንድ፣ በኔፓልና በባንግላዴሽ ነው። ወደ ምሥራቅ ደግሞ እስከ ታይላንድ፣ ሱማትራና ጃቫ ድረስ አለ። ድንጋያማ፣ ደረቅ ያለ ተዳፋት ይስማማዋል። እኛ ብዙ ጊዜ በፎቶ የምናየው ግን በሰው ግቢ ወይም በቤተ መቅደስ አጥር ሥር የተተከለውን ነው።

ለጋ ቀንበጡን በጣት መሃል ይዘው ቢያሽከረክሩት ክብ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል። አራት ጠርዝ አለው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ተመራማሪዎቹን ካሳሳቱት ምልክቶች አንዱ ይሄው ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይበልጥ የሚገርመው ቀንበጡ ውስጥ ያለው ነው። የአንድ ተክል ግንድ ሁለት ዓይነት ቧንቧ አለው። አንደኛው ከሥር ውሃ ያወጣል፤ ሳይንሱ ዛይለም ይለዋል። ሁለተኛው ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሌላው አካል ያደርሳል፤ ፍሎየም ይባላል። በተለመደው ዛፍ ግንድ ውስጥ እነዚህ በክብ ይደረደራሉ፤ የውሃው ወደ ውስጥ፣ የምግቡ ወደ ውጭ ሆኖ። ሺውሊም ይህ ክብ አለው። ከክቡ ውጭ ግን በአራቱ ጠርዞች ውስጥ አንዳንድ ተጨማሪ የቧንቧ ጥቅል አለ። አራቱም ደግሞ የተገለበጡ ናቸው። የውሃው ቧንቧ ወደ ውጭ፣ የምግቡ ወደ ውስጥ ነው። ሕንድ ውስጥ ቦታኒ የሚማሩ ተማሪዎች የሺውሊን ቀንበጥ በስሱ ቆርጠው፣ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ማየት የተለመደ የላቦራቶሪ ሥራቸው ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ከደንቡ የወጣ አሠራር ሲሉ ከሚጠቅሷቸው ግንዶች አንዱ ይህ ነው። ስለ ሽታው ብቻ ሰምተው ለሚያደንቁት ሰዎች ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል። አንዱ ጥንድ ወደ ግራና ቀኝ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሆናል፤ ስለዚህ ከላይ ሲታይ መስቀል ይሠራል። ርዝመቱ ከ6 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ2 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጫፉ ሹል ነው። ጠርዙ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ሲሆን አንዳንዱ ቅጠል ላይ ግን ሸካራ ጥርስ ይወጣል።

ዋናው መታወቂያው ሻካራነቱ ነው። የላይኛው ገጽ አጫጭርና ጠንካራ ጸጉር ስላለው ሲነኩት ይቧጥጣል። በትውልድ አገሩ ሰዎች ይህን ቅጠል እንደ ብርጭቆ ወረቀት እንጨትና የዝሆን ጥርስ ለማለስለስ ተጠቅመውበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ሺውሊን ለይ የተባለ ሰው በአበባው ሽታ ሊሳሳት ይችላል፤ ሌሊት የሚሸት ነጭ አበባ ብዙ ነው። በቅጠሉ ግን በቀላሉ አይሳሳትም።

አበባው እንዴት ተሠራ?

አበባዎቹ በቅርንጫፍ ጫፍና በቅጠል ብብት፣ ከሁለት እስከ ሰባት እየሆኑ ተሰባስበው ይወጣሉ። እያንዳንዱ አበባ የራሱ እግር የለውም። ጥቅሉ በሙሉ በአንድ ዘንግ ላይ ይቀመጣል። ከታች ትንሽ አረንጓዴ ጽዋ አለች። ከጽዋዋ ውስጥ ብርቱካናማ ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ነጭ ክንፎች ይከፈላል። ቱቦው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ዐይን የምናየው የቱቦው ቀለም ወደ ላይ ስለሚዘልቅ ነው።

ነጮቹ ክንፎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ አይደሉም። ከታች ተጋጥመው አንድ ቱቦ የሆኑ ናቸው። እያንዳንዱ ክንፍ ከሥሩ ጠበብ፣ ከጫፉ ሰፋ ብሎ መሃል ላይ ጎድጎድ ይላል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዘወር ያሉ ናቸው፤ ይህም በእምቡጡ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልሎ ያደረ መሆኑን ያሳያል። ቁጥራቸው አይጸናም። በአንድ ዛፍ ላይ አምስት ክንፍ ያለው፣ ስድስት ያለው፣ ሰባትና ስምንት ያለው አበባ ሊገኝ ይችላል። አብዛኞቹ ተክሎች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው፤ የሺውሊ ግን ልቅ ነው።

ቱቦው አፍ ላይ፣ ወደ ውስጥ ቀረብ ብሎ ሁለት ጥቃቅን የብናኝ ከረጢቶች አሉ። የአበባው ወንዴ ክፍል ይህ ነው። ክር መሳይ እግር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ሁለት። ከታች፣ ጽዋዋ ውስጥ ደግሞ ሴቴው ክፍል አለ። ሁለት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንዲት የዘር እንቁላል ብቻ።

ሌሊት ማበቡ ለምን ይሆን? አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ የሚከፈተው ሲመሽ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ወዲያው የሚያስቡት የሌሊት እራቶችን ነው። በጨለማ ደማቅ ቀይ አይታይም፤ ነጭ ግን ትንሽ ብርሃን ሲያገኝ ይለያል። ሽታው ደግሞ ዐይን የማይደርስበት ይደርሳል።

ጠዋት የሚሆነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አበባው ረገፈ ሲባል ዛፉ የሌሊት ልፋቱን ሁሉ ጥሎ ፍሬ አልባ የቀረ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። በቱቦውና በሥሩ መሃል ያሉት ስስ ሴሎች ትስስራቸውን ይፈታሉ፤ ቱቦውም ሙሉውን ተነቅሎ ይወድቃል። ክንፎቹ ስለተጋጠሙ አንድ በአንድ አይረግፉም። የብናኝ ከረጢቶቹም ቱቦው ላይ ስለተለጠፉ አብረው ይወድቃሉ። ሴቴው ክፍል ግን ከአረንጓዴ ጽዋዋ ጋር ዛፉ ላይ ይቀራል። ብናኝ ደርሶት ከሆነ ፍሬ መሥራት ይጀምራል። መሬት ላይ የምናየው ነጭ ምንጣፍ ሥራውን ጨርሶ የተሰናበተ ክፍል ነው።

ፍሬው ምንም ውበት የለውም፤ ለመለየት ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። ጠፍጣፋ፣ ክብ ወይም የልብ ቅርጽ ያለው፣ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲበስል ደርቆ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ በየግማሹ አንድ ጠፍጣፋ ዘር አለ። የሚበላ ሥጋም ጭማቂም የለውም።

የዝናቡ ማብቂያ አበባ

በቤንጋል ሺውሊ በብዛት የሚያብበው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ያ ወቅት ዱርጋ ለምትባለው የሂንዱ አምላክ የዱርጋ ፑጃ በዓል የሚከበርበት ነው። ለእኛ አደይ አበባ ዘመን መለወጡን እንደሚነግረን ሁሉ ለቤንጋሎች የሺውሊ ሽታ በዓሉ መድረሱን ይነግራቸዋል። የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ይፋዊ አበባም እሱ ነው። ታይላንድ ውስጥ የካንቻናቡሪ ግዛትም የራሷ አርማ አድርጋዋለች።

በሂንዱ አምልኮ መሬት የወደቀ አበባ ለአማልክት አይቀርብም። ሺውሊ ግን ከዚህ ነጻ ነው፤ ጠዋት ከመሬት ተለቅሞ ይቀርባል። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነው፤ ከእጽዋቱ አሠራር ጋር ግን ግሩም ሆኖ ይገጥማል። ከዛፉ እስኪለቀም ይጠበቅ ቢባል ሌሊት መሰላል ይዞ መውጣት ሊመጣ ነው።

አፈ ታሪኩ ብዙ ነው። በሰፊው የሚነገረው የሂንዱ አምላክ ክሪሽና ዛፉን ከአማልክት ንጉሥ ከኢንድራ ሰማያዊ የአትክልት ስፍራ አምጥቶ በአንዷ ሚስቱ በሳትያባማ ግቢ ተከለው የሚለው ነው። ዛፉ የቆመው በእሷ ግቢ ቢሆንም አበባው የሚረግፈው ግን በሌላዋ ሚስቱ በሩክሚኒ ግቢ ነበር ይባላል። የጎረቤት ዛፍ ቅጠል ሲጠርግ የኖረ ሰው ይህን ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ ይረዳዋል።

ሌላውን ታሪክ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ጋርሲያ ዳ ኦርታ ነው። በምዕራብ ሕንድ ጠረፍ ጎዋ ይኖር የነበረ ፖርቱጋላዊ ሐኪም ሲሆን ስለ ሕንድ መድኃኒቶችና ዕፅዋት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1563 እዚያው ጎዋ ታትሟል። በእሱ ትረካ አንዲት የመኳንንት ልጅ ፀሐይን አፈቀረች። ፀሐይ ትቷት ሲሄድ ራሷን አጠፋች። ሬሳዋ ሲቃጠል ከአመዱ ይህ ዛፍ በቀለ። ስለዚህ ፀሐይ ባለችበት አበባውን አያሳይም። ፖርቱጋሎቹ የሐዘን ዛፍ ያሉት ለዚህ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ውስጥ ያለው አርቦር-ትሪስቲስ፣ በላቲን የሐዘን ዛፍ ማለት፣ ከዚያው የመጣ ነው።

መሬት ላይ የወደቀ ሳፍሮን

ብርቱካናማው ቱቦ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ጠዋት አበባው ይለቀማል፣ ነጩ ተቀንጥሶ ይጣላል፣ ቱቦው ይደርቃል። ከዚያ በውሃ ሲፈላ ወርቃማ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። በዚህ ቀለም ሐርና ጥጥ ይነከርበት ነበር። የቡድሂስት መነኮሳት ልብስም ተነክሮበታል።

ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ክሮሴቲን ይባላል። ሳፍሮን ወርቃማ የሚሆነውም በዚሁ በክሮሴቲን ነው። ሳፍሮን ደግሞ በክብደት ሲመዘን ከዓለም ውድ ቅመሞች የመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ተክሎች በዘር ፈጽሞ አይገናኙም። አንዱ ከመሬት ከሽንኩርት መሳይ አኮር የሚወጣ አጭር ተክል ነው፣ ሌላው ዛፍ ነው። ሁለቱም ግን ካሮት ብርቱካናማ ከሚሆንበት የቀለም ቤተሰብ ተነስተው እየቆራረጡ እዚሁ ንጥረ ነገር ላይ ደርሰዋል።

ታዲያ ሺውሊ ተለቅሞ ለምን በሳፍሮን ዋጋ አይሸጥም? ሳፍሮን ውድ የሆነው በቀለሙ ብቻ አይደለማ። መራራ ጣዕሙ ፒክሮክሮሲን ከሚባል፣ ሽታው ደግሞ ሳፍራናል ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው። የሺውሊ ቱቦ የሚሰጠው ቀለሙን ነው። ለጨርቅም ቢሆን ችግር አለበት፤ ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይደበዝዛል። ፀሐይን የሚሸሽ ዛፍ ቀለሙም ፀሐይ አይችልም፤ አፈ ታሪኩን የፈጠሩት ሰዎች ይህን ቢያውቁ አንድ ምዕራፍ ይጨምሩ ነበር።

ዘመዱ ማን ነው?

አሁን ወደ ውዝግቡ እንመለስ።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዛፉን ኒክታንተስ አርቦር-ትሪስቲስ ብሎ መዘገበው። የሊኔየስ ዘዴ ቀላል ነበር። የአበባውን ወንዴ ክፍሎች ቆጥሮ ይመድባል። አንድ ያለው አንድ ክፍል፣ ሁለት ያለው ሌላ ክፍል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሺውሊ ሁለት አለው። ወይራም ሁለት፣ ጃስሚንም ሁለት። ሦስቱም እዚያው ክፍል ገቡ። ጥሩ ይመስላል። ግን የጥብስ ቅጠልም ሁለት ስላለው እሱም አብሮ ገባ! የጥብስ ቅጠል ደግሞ የነበሶብላ ቤተሰብ ነው፤ ከወይራ ጋር ቅርበት የለውም። ዘዴው ለመዝገብ ይመቻል፣ ዝምድናን ግን አያሳይም። ትክክል የሆነበት ቦታ ሁሉ በከፊል በዕድል ነው።

ሊኔየስ በዚህ አላበቃም። የዓረብ ጃስሚን የሚባለውንም እዚያው ኒክታንተስ ውስጥ ከተተው። በየመንና በደቡብ ሳዑዲ የኖሩ ወገኖቻችን ይህን አበባ ፉል በሚለው ስሙ ያውቁታል፤ በክር ተሰክቶ ለሠርግ የሚደረገው ነጭ አበባ ነው። ስህተቱን ያረመው በለንደን አቅራቢያ ያለው የኪው የአትክልት ስፍራ ኃላፊ የነበረው ዊልያም አይተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 ፉልን አውጥቶ ወደ ጃስሚን ወገን አዛወረው። ሺውሊ ብቻውን ቀረ።

ከዚያ ጥርጣሬው መጣ። የወይራ ቤተሰብ ወደ 600 ዝርያ አለው። ወይራ ሥጋ ያለው ፍሬ ያፈራል፣ ውስጡ ጠንካራ ፍሬ አለ። የጃስሚን ፍሬም ለስላሳ ነው። ሺውሊ ግን ደረቅ፣ ለሁለት የሚከፈል ጠፍጣፋ ፍሬ ይዞ መጣ። በዚያ ላይ አራት ጠርዝ ያለው ቀንበጥ። በዚያ ላይ የሚቧጥጥ ቅጠል። እነዚህ ምልክቶች የሚያስታውሱት ቨርቤናሲ የሚባለውን ቤተሰብ ነው። እኛ ከዚያ ቤተሰብ በደንብ የምናውቀው በየአጥሩ የሚበቅለውን የወፍ ቆሎ ነው። የወፍ ቆሎን ቅጠል ዳስሳችሁ፣ ቀንበጡን በጣታችሁ አሽከርክራችሁ የምታውቁ ከሆነ ተመራማሪዎቹ ለምን እንደተታለሉ ይገባችኋል። ሻካራ ነው፣ አራት ጠርዝ ነው፣ ቅጠሉም ጥንድ ጥንድ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ሺውሊን ወደዚያ ወሰዱት። ሌሎች ደግሞ ከሁለቱም አይደለም ብለው የራሱን ቤተሰብ አቋቋሙለት።

ለዚህ ክርክር ትልቁን መልስ የሰጠው ዲኤንኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤቫ ዋላንደርና ቪክተር አልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች የወይራ ቤተሰብን በዲኤንኤ አነጻጽረው የዘር ሐረጉን ሠሩ። ሺውሊ የወይራ ቤተሰብ አባል ሆኖ ተገኘ። ሆኖም የሚገኘው ከወይራም ከጃስሚንም አጠገብ አይደለም። ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ በተለየ ጥንታዊ ቅርንጫፍ ላይ ነው። እዚያ አብረውት ያሉት ጥቂት ናቸው። አንደኛው ሚክሶፓይረም የሚባል የእስያ ሐረግ መሳይ ተክል፣ ሌላው ታይላንድ ውስጥ የሚገኝ ዲሜትራ የሚባል ተክል ነው። በራሱ በኒክታንተስ ወገን ውስጥም ያሉት ሁለት ዝርያዎች ብቻ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። በደጋው አጥርና ጫካ ላይ የሚጠመጠመው ጠምበለል ጃስሚን ነው። በዚያ የዘር ሐረግ መሠረት ጠምበለልና ወይራ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ፤ ሺውሊ ከሁለቱም ይርቃል። ነጭ፣ የሚሸት፣ ቱቦ ያለው አበባ የሚያመሳስለን ጠምበለልንና ሺውሊን ነበር። ዐይን አንድ ነገር ይላል፣ የዘር ሐረጉ ሌላ። የሌሊት ጃስሚን የሚለው የገበያ ስም ለሽታው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ለዝምድናው ግን ልክ አይደለም።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሌሎች ዛፎች

ፓሪጃት የሚለው ስም ሌላም ጣጣ አለው። ሕንድ ውስጥ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ ባራባንኪ አካባቢ፣ ኪንቱር በምትባል መንደር ፓሪጃት ተብሎ የሚከበር ግዙፍ ዛፍ አለ። ሰው ከሩቅ እየመጣ ይሳለመዋል። ያ ዛፍ ሺውሊ አይደለም። ባኦባብ ነው፤ በተከዜ ሸለቆና በመተማ ቆላ የሚገኘው ያው አፍሪካዊ ባኦባብ። በሳንስክሪት ጽሑፎች ፓሪጃት የተባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኮርች ወገን የሆነ፣ ቀይ አበባ ያለው የእስያ ዛፍ ነው ተብሎ ይተረጎማል። በአንድ ስም ሦስት ዛፍ ማለት ነው፤ አንዱ ከወይራ፣ አንዱ ከባኦባብ፣ አንዱ ከባቄላ ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ አዮድያ ላይ ለራማ ቤተ መቅደስ ግንባታ ሥነ ሥርዓት ሲሄዱ የተከሉት ፓሪጃት ግን የእኛው ሺውሊ ነው።

ስለ መድኃኒትነቱ አጭር ነገር ልበል። አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና መራራው ቅጠሉ ተቀቅሎ ለትኩሳትና ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም ይሰጣል። በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ብዙ ተሞክሯል። ያ ግን በሰው ላይ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ዩቲዩብ ላይ ተዓምር ሲባል ስትሰሙ ይህን ልዩነት ያዙ።

በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ሆናችሁ ችግኝ ለመግዛት ለምታስቡ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። ናይት ጃስሚን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሺውሊ አይደለም። ሴስትረም ኖክተርነም የሚባል፣ ከሞቃታማው አሜሪካ የመጣ የነቲማቲምና የነድንች ቤተሰብ ቁጥቋጦ ነው። እሱም ሌሊት ይሸታል፤ አንዳንዱን ሰው ራስ እስኪያሳምም ድረስ። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የሴስትረም አበባ ቀጭን፣ ረዘም ያለና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ብርቱካናማ ነገር የለውም። አበባ በሌለበት ወቅት ከሆነ የሄዳችሁት ቅጠሉን ዳስሱ። ለስላሳ ከሆነ ሴስትረም ነው፣ የሚቧጥጥ ከሆነ ሺውሊ። ፍሬ ካለውም ተመልከቱ። ሴስትረም ነጭ፣ ለስላሳ፣ ትንንሽ ፍሬ ያወጣል፤ መርዛማ ስለሆነ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል። የሺውሊ ፍሬ ደርቆ የተጣበቀ ሁለት ስስ ቡናማ ሽፋን ነው። እሱን አግኝታችሁ ከሆነ ለሁለት ክፈሉትና ሁለቱንም ዘር ሙቀት ባለበት፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ላይ ዝሩት። ውርጭ አይችልም፤ ብርድ በሚበረታበት አገር በሳጥን ተተክሎ ክረምቱን ቤት ውስጥ ያሳልፋል።